የንዳድ ሥር ሁለቱ ጨዎች

በአሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ከሰነበተ በኋላ ወደ ቦታው ሲመለስ ከጦር ሰፈሩ በታች ያለውን ሜዳ ረግረግ አድርጎት ሄደ፤ ከረግረጉም ዛሬ ወባ የሚሉት ንዳድ ተነሣ። ንዳዱ ከየት እንደሚመጣ የዚያ ዘመን ሐኪሞች በውል አልተስማሙም ነበር፤ ከፊሎቹ ከውሃው ሽታ ነው፣ ከፊሎቹ ከምሽቱ ብርድ ነው ይሉ ነበር፤ ወታደሩ ግን ከየትም ይምጣ ከየት፣ ጉልበቱን ይዞ ሲያንቀጠቅጠው ነፍጡን ግድግዳ አስደግፎ ከመተኛት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በኮረብታው ላይ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል መቶ ስድሳ አልጋው በዐሥር ቀን ሞላ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው በሽተኛ በመተላለፊያው በሰሌን ላይ ይተኛ ጀመር። ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣ የነበረው የንዳድ መድኃኒት፣ ኪኒን፣ ደግሞ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሁለት መንግሥታት ተጣልተው የባሕሩን በር ከዘጉት ሰባት ወር ሆኗልና።

በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ምክትል ቀማሚ ሆኖ የሚያገለግል አንድ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «ሚዛኑ» ይሉታል፤ ሌላው በማንኪያ የሚሰፍረውን እሱ ካልመዘነ እጁ አይፈታምና። ሚስቱም «ይኼ ሰው የሚቆጣው እንኳ መዝኖ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። እናቱ እሱን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደጉት አክስቱ ነበሩ፤ እኒህ አክስት በገበያው የታችኛው በር ሥርና ቅጠል ሸጠው ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ለዚህም ወግ አበቁት። እሱ ግን በሆስፒታሉ ዐሥር ዓመት ሲያገለግል ሥር ሻጭ ያሳደገችው መሆኑን ለአንድም ሰው አልተናገረም፤ ሐኪሞቹ በገበያ መድኃኒት ሲሳለቁ እሱም ጥርሱን ገለጥ አድርጎ ዐብሮ ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን ጧት የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም አስጠሩት። ዋና ሐኪሙ በማዕረጋቸው ሻለቃ፣ በንግግራቸው ቁጥብ፣ ከታመመ ወታደር ይልቅ የሚያለቅስ መኮንን የሚያስቸግራቸው ሰው ነበሩ።

«ያለን ኪኒን ለስንት ቀን ይበቃል?» አሉት።

«ለአራት ቀን ነው፣ ጌታዬ፤ ግማሽ ግማሽ ብንሰጥ ለሰባት።»

«ግማሽ የተሰጠው ሰው ግማሹ አይድንም፤ ሙሉውን ይሞታል።» ከመስኮቱ ዞረው አዩት። «ኪኒን ወደዚህ አገር ሳይመጣ በፊት ሰው ሁሉ በንዳድ አላለቀም። የሚጠጣው ነገር ነበረው። ምንድን ነው እሱ?»

ሚዛኑ መልሱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ምሬቱ እንኳ ገና ከምላሱ አልጠፋም።

«የንዳድ ሥር የሚሉት አለ፣ ጌታዬ። የምትሸጥ … አንዲት ሴት አውቃለሁ።»

«የተፈላ ሥር ለጦሩ አላጠጣም፤ አንዱ ሲጠነክር አንዱ ይቀጥናል፣ ግማሹን ይተፉታል። በውስጡ ያለውን ጨው አውጣልኝ። ኪኒንም ራሱ ከዛፍ ልጥ የወጣ አልካሎይድ ነው፤ ከዛፍ ልጥ ከወጣ ከሥር የማይወጣበት ምክንያት የለም።»

አልካሎይድ የሚባለው ከተክል የሚገኝ፣ ብዙውን ጊዜ መራራ የሆነ፣ ጥቂቱ ብዙ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው፤ ያወጣው ሰው በስሙ በመጽሐፍ ይጻፋል። ሚዛኑ ይህንን ሳያስብ ቀረ ማለት ሐሰት ይሆናል።

በዚያኑ ዕለት ወደ ገበያ ወረደ። አክስቱ በእስር በእስር የታሰረውን ሥር በሰሌን ላይ ዘርግተው አገኛቸው።

«አክስቴ፣ የንዳድ ሥር ስንት ኪሎ ያገኙልኛል?»

«ኪሎ? እኔ በእስር ነው የምሸጠው። ስንት ሰው ሊጠጣው ነው?»

«ለሥራ ነው። ሃምሳ ኪሎ እፈልጋለሁ።»

«ሃምሳ! ተራራውን ነቅለሽ አምጪ በለኛ፣ ይሻላል።» ሳቁ፤ ሥራ ማግኘታቸው ሳይሆን እሱ ወደ ደጃቸው መምጣቱ ደስ ብሏቸዋል። «እንዳለ ነው የምትወስደው ወይስ ላዘጋጅልህ?»

«እንዳለ ይሁን። እኛው እናዘጋጀዋለን» አለ፤ ይህንንም ሲል አንድ የሆስፒታል አስታማሚ በዚያ ሲያልፍ አይቶ ጀርባውን ሰጠ።

ሥሩ በአምስት ቀን ውስጥ ተጭኖ መጣ። ሚዛኑ ከመድኃኒት ቤቱ በስተኋላ ባለችው፣ ሁለት ሰፋፊ መስኮቶችና አንድ ምድጃ ባሏት ክፍል ውስጥ ሥራውን ያዘ። ሥሩን አስፈጭቶ ጥቂት አሲድ ባለበት ውሃ ዘፈዘፈው፤ በሦስተኛው ቀን በጨርቅ አጥልሎ ቡናማውን ውሃ ከኖራ ጋር አገናኘው፤ ውሃው እንደ ጎርፍ ደፈረሰና ከታች ዝቃጭ ተኛ። ዝቃጩን አድርቆ በአልኮል አፈላ፤ አልኮሉን አጣርቶ በመስኮቱ ደፍ ላይ እንዲቀዘቅዝ አስቀመጠው። በማግሥቱ ጧት በሳህኑ ዳር ዳር፣ በብርድ ወራት ሣር ላይ እንደሚታይ አመዳይ ያለ ነጭ ነገር ተጋግሮ አገኘ። በምላሱ ጫፍ ነካው፤ ልጅ ሆኖ አክስቱ አፍንጫውን ይዘው ያጠጡት የነበረው ምሬት ነው። ብቻውን ቆሞ ሳቀ።

የዚያ ዘመን ቀማሚ አንድ ነገር የጠራ መሆኑን የሚያውቀው በማቅለጥ ነበር፤ ከነጩ ነገር ጥቂት ቅንጣት በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ከቶ፣ ከሙቀት መለኪያ ጋር አስሮ፣ በዘይት ውስጥ ያሞቀዋል። ንጹሕ የሆነው በአንድ ዲግሪ ላይ ድንገት ይቀልጣል፤ ድብልቁ ግን እየለሰለሰ እየተንገዋለለ ብዙ ዲግሪ ያልፋል። የሚዛኑ ጨው በመቶ ስድሳ አራት መለስለስ ጀምሮ መቶ ሰማንያ አንድ ሲደርስ ነበር ቀልጦ ያለቀው። ሁለቱን ቁጥሮች በደብተሩ ላይ ጻፈ፤ ከጎናቸውም «ገና አልጠራም» የሚል አከለ። እንደ ልማዱ ቢሆን ኖሮ ሦስትና አራት ጊዜ ደጋግሞ አሟሙቶ ያጠራው ነበር።

ነገር ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻለቃው መጡ፤ ኪኒኑ ካለቀ አምስት ቀን ሆኖታል፤ በሳምንቱ ዐሥራ አንድ ሰው ሞቷል።

«ይህ ነው?» አሉ ሳህኑን እያዩ።

«ነው፣ ጌታዬ። ግን ላጠራው ይገባል።»

«ስንት ቀን?»

«ዐሥራ አምስት፤ ምናልባት ሃያ።»

«በሃያ ቀን ሠላሳ ሰው እቀብራለሁ። ጥንቸል ላይ ሞክረህ ካልገደለ ስጠኝ።»

ጥንቸሏ አልሞተችም። ራሱም ጥቂት ቀመሰ፤ ጆሮው ጮኸ እንጂ ሌላ አልሆነም። በአራተኛው ቀን ጨው ለሃያ በሽተኞች ተሰጠ፤ በሦስት ቀን የዐሥራ ስምንቱ ትኩሳት ወረደ። የሰው እጅ መጨበጥ የማይወዱት ሻለቃ በአስታማሚዎቹ ፊት የሚዛኑን እጅ ጨበጡ፤ በዚያ ቀን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ «ሚዛኑ ዛሬ ወደ አንድ ወገን አጋደለ» አለችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ።

በሽተኛው በየቀኑ ሲጨምር ጨውም አነሰ። ሚዛኑ የመጀመሪያው ጨው ከተነሣለት በኋላ የተረፈውን ቡናማ አልኮል አልደፋውምና እሱን አትንኖ፣ አንጠፍጥፎ፣ ሌላ ነጭ ጨው አወጣ። ይህ ሁለተኛው ጨው ለሠላሳ ሰው ተከፈለ። በነጋታው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ሦስት ወታደሮች ሞቱ። ትኩሳት አልነበራቸውም፤ የልባቸው ትርታ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ፤ የቀሩት ሃያ ሰባቱ አስመልሷቸው ተረፉ። አንደኛው ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሾርባ ጠይቆ ነበር።

ሻለቃው መድኃኒቱን በዚያችው ሰዓት አስቆሙ፤ የተፈጨውንም ያልተፈጨውንም ሥር አሳሸጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አእምሯቸው ግን ወደ ቀረበው ምክንያት ሄደ። ዐሥራ ስምንት ሰው ያዳነ መድኃኒት በሳምንቱ ሰው ከገደለ፣ ከሥሩ ጋር ሌላ መርዛም ሥር ተደባልቆበታል ማለት ነው፤ የደባለቀችውም የሸጠችው ናት። የከተማው ሹም ሁለት ዘበኞች ላኩና ሴትዮዋን ከሰሌኗ ላይ አስነሥተው ወሰዷት።

ሚዛኑ ይህ ሁሉ ሲሆን አፉን አልከፈተም። አክስቴ ናት አላለም፤ ስለ መቶ ስድሳ አራትና ስለ መቶ ሰማንያ አንድም አልተናገረም። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ስድስት ቀን እየሠራ የሚመስል ሥራ ሲሠራ ሰነበተ።

በስድስተኛው ቀን ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ባዶውን የምግብ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ስድስት ቀን ሙሉ እስር ቤት የምመላለሰው እኔ ነኝ። እኔን የወለዱ፣ እኔን ያሳደጉ ነው የሚመስለው። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

«እዚያ ከታየሁ ዘመዳቸው መሆኔ ይታወቃል።»

«ይታወቃ! ሌባ ናቸው? ወይስ እውነትም ገድለዋል ብለህ ነው?»

«አልገደሉም» አለ። ቀጥሎም ስለ ማቅለጡ፣ ስለ ሁለቱ ቁጥሮች ነገራት። ሚስቱ የቅመማ ትምህርት ባይኖራትም ነገሩ ገባት።

«ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ ነው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«'ሊሆን ይችላል'ን ለእኔ አትመዝንልኝ። ነው ወይስ አይደለም?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሂድና እወቅ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይህ ቤት የሆስፒታሉ ነው፤ ያስለቅቁናል። አውቃለሁ። ሁለቱን ልጆች ይዤ የትም እኖራለሁ። ያሳደጉህን አሮጊት አሳስሮ ከሚበላ ሰው ጋር ግን አብሬ አልበላም።»

የሴቶቹ እስር ቤት ከሹሙ ግቢ ጀርባ ያለ አንድ ረጅም ክፍል ነበር። አክስቱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩት አልደነገጡም።

«መጣህ? እኔማ ሹመት ሰጥተውት ጊዜ አጣ ብዬ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። እሳቸውም ጨዋታውን ተዉት።

«ስማኝ፣ ልጄ። ስድስት ቀን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ የነበረው አንድ ነገር ነው። እንብርቱን የት ጣልኸው?»

«የምን እንብርት?»

አክስቱ ጣታቸውን እንደ ሥር ቀጥ አድርገው አሳዩት።

«የሥሩን ነዋ። ለሁለት ስትሰነጥቀው መሐሉ ላይ ቀላ ያለ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ክር አለ። እሱ ተመዝዞ ይወጣል፤ ከብት እንዳያገኘው እሳት ውስጥ ይጣላል። ሰው የሚጠጣው ዳር ዳሩን ነው። እናቴም እንዲህ ነው ያሳየችኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ላዘጋጅልህ ወይ አልሁህ እኮ። እኛው እናዘጋጀዋለን አልኸኝ። የተማረ ሰው ነው፣ ያውቃል ብዬ ተውሁት።» ቃላቸው የወቀሳ አልነበረም፤ የሆነውን እንደሆነው ነው የተናገሩት። «አልጠየቅኸኝማ፣ ልጄ። የጠየቅኸኝ ስንት ኪሎ ብለህ ነው።»

ከዚያ «ስንት ናቸው የሞቱት?» አሉ።

«ሦስት።»

«ልጆች ናቸው?»

«ትልቁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።»

መጎናጸፊያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ደግሜ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር» አሉ ከውስጥ ሆነው፤ «የአንተን ትምህርት ፈርቼ ተውሁት።»

ሚዛኑ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ኋላኛዋ ክፍል ሄደ። ከሁለተኛው ጨው የቀረውን ጥቂት ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ሥር አኖረ፤ ስድስት ቀን ሊያየው ያልደፈረው ነገር በአንድ እይታ ታየው። በመስታወቱ ላይ ሁለት ዓይነት ቅንጣት ነበረ፤ አንዱ እንደ መርፌ ቀጭንና ረጅም፣ ሌላው እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ። ድብልቁን ኤተር በሚባለው ቶሎ በሚተን ፈሳሽ አናወጠው፤ መርፌዎቹ ሟሙ፣ ቅርፊቶቹ ከታች ቀሩ። ለየብቻ አጥርቶ ለየብቻ አቀለጣቸው። መርፌው በመቶ ዘጠና ሁለት ዲግሪ፣ ቅርፊቱ በሁለት መቶ ሰባት ዲግሪ፣ ሁለቱም ያለምንም መንገዋለል ቀለጡ። አንድ ብሎ የጻፈው ነገር ሁለት ነበር፤ ሁለቱም በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፉ አዲስ አልካሎይዶች ነበሩ።

ቀጥሎ እንቁራሪት አስመጣ፤ ደረቷን ከፍቶ በምትመታው ልብ ላይ በውሃ ከሟሟው የመርፌ ጨው አንድ ጠብታ አኖረ፤ ልቡ መምታቱን ቀጠለ። የቅርፊቱን ሲያንጠባጥብ ግን ልቡ ዘገየ፣ ተጨማደደ፣ ቆመ። ይህንን በዐሥራ ሁለት እንቁራሪቶች ደገመው። በመጨረሻም ከታሸገው ሥር አስፈቅዶ ጥቂት ወሰደና በቢላዋ ሰንጥቆ እንብርቱን ከዳሩ ለየ፤ ከዳሩ የወጣው መርፌ ብቻ ነበር፤ ከእንብርቱ የወጣው ቅርፊት። መጀመሪያ የተጋገረው ጨው አብዛኛው መርፌ፣ ጥቂቱ ቅርፊት ነበርና ሰው አልገደለም፤ ቅርፊቱ የቀረው በቡናማው አልኮል ውስጥ ነበር፤ ያንን ነው አንጠፍጥፎ ለወታደሮቹ ያበላቸው። ሥራው ዐሥራ አንድ ቀን ወሰደ። በእነዚያ ቀናት ደስታ አልተሰማውም ማለት ግን አይቻልም፤ መርፌውና ቅርፊቱ ሲለያዩ ልቡ ዘልሏል፤ ወዲያው ደግሞ በመዝለሉ አፍሯል።

ጉዳዩን እንዲመረምሩ የተሰየሙት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ዳኛ፣ የከተማው ሹምና ሻለቃው ራሳቸው። ሚዛኑ ሳይጠራ ቀረበና ያገኘውን ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገረ። ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ፤ በሚገባ አዳመጡት።

«ስለዚህ ሴትዮዋ የሸጠችው ትክክለኛውን ሥር ነው ትላለህ?»

«ትክክለኛውን ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ከየት ታውቃታለህ?»

«አክስቴ ናቸው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

ሻለቃው ቀና አሉ። ዳኛው ደብተሩን ገልጠው ሁለቱ ቁጥሮች ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«'ገና አልጠራም' የሚለውን የጻፍኸው መቼ ነው?»

«ጨው ለበሽተኛ ከመሰጠቱ ከአራት ቀን በፊት።»

«የሚያስቸኩል ትእዛዝ ነበረብህ?»

ሚዛኑ ወደ ሻለቃው አላየም። «በሽታው ነው ያስቸኮለን። ድብልቅ መሆኑን የሚያሳየውን ቁጥር ያየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አላሳየሁትም።»

ሲወጡ ሻለቃው በመተላለፊያው ላይ ያዙት። «ያን ገጽ ቀደህ ብትጥለው ማንም አያገኘውም ነበር» አሉት።

«እኔ አግኝቼዋለሁ፣ ጌታዬ።»

ሻለቃው ቆባቸውን አስተካክለው ሄዱ።

አክስቱ በታሰሩ በሃያ አንደኛው ቀን ተፈቱ። ሚዛኑ ከመንግሥት አገልግሎት ተሰናበተ፤ መድኃኒት እንዳይቀምምም ተከለከለ፤ ቤቱን በዐሥራ አምስት ቀን እንዲለቅ ታዘዘ። ሆስፒታሉ ግን በእሱ ዘዴ፣ እንብርቱ ከወጣ ሥር፣ መርፌውን ጨው እያዘጋጀ መስጠቱን ቀጠለ፤ በሳምንት ዐሥራ አንድ የነበረው ሟች ሁለት ሆነ፤ አንዳንድ ሳምንትም አንድም አልሞተ። ያ ክረምት ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ስምንት መቶ ሰው ከዚያ ሥር የተነሣ በእግሩ ወደ ሰፈሩ ተመልሷል።

ሚዛኑ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ አክስቱ ቤት ገባ። በገበያው የታችኛው በር ከእሳቸው ጎን ተቀምጦ ሥር ይሰነጥቅ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀድሞ ባልደረቦቹ ሲያልፉ ፊቱን ያዞር ነበር፤ አክስቱ ይህንን አይተው «ተወው፣ ይዩህ፤ የአንድ ሰሞን መነጋገሪያ ነህ፣ በሚቀጥለው ሰሞን ሌላ ያገኛሉ» አሉት። እንዳሉትም ሆነ። አክስቱ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ፤ በሞቱ ጊዜ የገበያው ሰው በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ቀበራቸው።

በሦስተኛው ዓመት የተጣሉት ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ፤ የባሕሩ በር ተከፈተ፤ ኪኒን በቆርቆሮ ታሽጎ መጣ። ከውጭ የሚመጣው የቀለለና የታወቀ ስለነበረ ሆስፒታሉ የንዳዱን ሥር መፍጨት አቆመ። ሻለቃው ጡረታ በወጡበት ዓመት ስለ ሁለቱ አልካሎይዶች አንድ ጽሑፍ ጻፉ፤ በባሕር ማዶ በሚታተም የሐኪሞች መጽሔት ላይ ወጣላቸው። ሥራው የተሠራው «በእኔ ሥር በሚተዳደር መድኃኒት ቤት» መሆኑን ይናገራል እንጂ የሠራውን ሰው ስም አይናገርም።

ይህ ከሆነ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ሚዛኑ ፀጉሩ ሸብቶ በዚያው ገበያ ሳለ፣ የሆስፒታሉ አዲስ ሐኪም የሆነ አንድ ጎልማሳ ፈልጎ አገኘው። በድሮ መዝገብ ላይ ስሙን አይቶ ነበር። ያመጣለትም ወሬ ይህ ነው፤ በባሕር ማዶ ያሉ ጠበብት የሻለቃውን ጽሑፍ አንብበው፣ ሥሩን አስመጥተው፣ ያንን ቅርፊት የመሰለውን ጨው መርምረዋል፤ ልብን የሚያቆመው ይህ ነገር እጅግ በጥቂቱ ሲሰጥ የደከመ ልብን ሥርዓት ያስይዛል፤ በትልልቅ ከተሞች መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ይሸጣል፤ ብዙ ሰው በሱ ይኖራል።

«መርፌውስ?» አለ ሚዛኑ።

«የቱ መርፌ?» አለ ሐኪሙ። ስለ እሱ የሚያነሣ አልነበረም።

ሚዛኑ የያዘውን ሥር ሰንጥቆ ጨረሰና «የቅርፊቱ መጠን ስንት ነው?» አለ። ሐኪሙ ነገረው። በጣም ጥቂት ነበር፤ ተራ ሚዛን የማይመዝነው። ሚዛኑ ዓይኑን ከድኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰላ። ለሦስቱ ወታደሮች የሰጣቸው የዚህ አርባ እጥፍ ይሆናል። ሐኪሙን አመሰገነው፤ ዕለቱን ግን ሌላ ሥር አልሰነጠቀም።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ጦርነቱን፣ ዕርቁንና የነገሥታቱን ፊርማ በሚገባ አስቀምጠዋል። የሕክምና ታሪክ የጻፉት ደግሞ ሁለቱን አልካሎይዶች ያገኙት ሻለቃው ናቸው ይላሉ፤ ዓመቱንም በሁለት ዓመት አዘግይተው ይጽፉታል። በሆስፒታሉ የሞት መዝገብ ውስጥ ሦስቱ ወታደሮች «በንዳድ» የሞቱ ተብለው ተጽፈዋል፤ ይህንን ያረመው የለም። ዳኛው ያስጻፉት የምርመራ ቃል ግን አልተቃጠለም፤ ማንም ሳይጠይቀው በራሱ ላይ የመሰከረ አንድ ሰው ቃል በሦስት ገጽ ተጽፎ፣ በክር ተጠርዞ፣ ከሌሎች የማይነበቡ ወረቀቶች መካከል ይገኛል። ታሪክ የሚይዘው የተጻፈውን ሁሉ አይደለም፤ የተነበበውን ብቻ ነው።